ከሳህኑ ግርጌ የተመታ ስም

ጓንግዡ፣ ማርች 12 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.

ወንድም ዓለሜ ኪን-ፋይ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስተኛው «ኳን ሱት-ፎንግ የምትባል አለች?» ብሎ ከግቢው በር ሲጮህ ጎረቤቶቼ ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። ከሆንግ ኮንግ ደብዳቤ መቀበል ዛሬ ዛሬ አያስፈራም ይላሉ፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬው ገባሁ። አሥራ ሦስት ዓመት! ጽሕፈትህ ተለውጧል። ድሮ ፊደሎችህ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ደህና መሆንህን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዝምታዬን ይቅር በለኝ። ጊዜው ምን ይመስል እንደነበር አንተም በሩቁ ሳትሰማ አትቀርም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ እዚያው ቤት ነኝ፤ የፊተኛው ክፍል ግን ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥቷል። አዎ፣ አሁንም ቴርሞስ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። የእናታችንን መቃብር በየዓመቱ በመቃብር ጠረጋው በዓል እጠርጋለሁ፤ ያንተን ድርሻ ሣርም እኔው እነቅላለሁ።

አባባን ጠይቀሃል። ደህና ናቸው። ሰማንያ ሁለት ሞላቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይጨብጡም፤ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ከብር ማንቆርቆሪያ ግርጌ ላይ ወረቀት አድርገህ በእርሳስ አሽተህ ያነሳኸውንና የላክኸውን የሠሪ ምልክት አሳየኋቸው። መልሳቸው እንዳለ ይኸውልህ፦ «በይው ይህን ባዶ የቀርከሃ ራስ! በግራ በኩል ያሉት የፈረንጅ ፊደሎች የሻጩ ናቸው። ሻጭ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም። ሠሪውን የፈለገ ከጎን ያለችውን የእኛን ፊደል ይመልከት!» ብለዋል። ያቺ ግማሽ ፊደል ከእኛ በሦስተኛው በር ይሠራ የነበረው የአንድ ዓይናው ላው ናት። ግማሿ በመወልወል ብዛት የጠፋች መስሎሃል፤ አይደለም። የላው ማህተም ጥርሱ የተሰበረ ስለነበር የፊደሏ ግራ እግር ከመጀመሪያውም አይወጣም ነበር።

ዛሬም ተቀይመውኛል ወይ ብለሃል። ሽማግሌ ስንት ዓመት ይቀየማል? አታስብ።

እህትህ ሱት-ፎንግ


ሆንግ ኮንግ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1979

ውድ እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? «የቀርከሃ ራስ» የሚለውን ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው። ሳቄ አመለጠኝና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ሲል ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ። ድምፃቸውን የሰማሁ ያህል ነው።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ የጥንት ዕቃ መደብር ውስጥ የብሩ ክፍል የኔ ነው። የቀድሞ አያቶቻችን ለፈረንጅ የሠሯቸው ዕቃዎች ዛሬ ከፈረንጅ አገር እየተመለሱ ነው፤ ማንቆርቆሪያው፣ ዋንጫው፣ ትሪው። እኔ ግርጌያቸውን ገልብጬ ማን እንደሠራቸው እናገራለሁ፤ ወይም እናገራለሁ እላለሁ። የመደብሩን ባለቤት ጋሽ ፑን እንላቸዋለን። የላውን ነገር ስነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣

«ማነው የነገረህ?» አሉኝ።

«አባቴ።»

«አባትህ መጽሐፍ ጽፏል?»

«መጽሐፍ አልጻፉም። ከላው ጋር ግን በአንድ ሰፈር መዶሻ ሲያነሱ ኖረዋል።»

«እንግዲያው ከመጽሐፍ ይበልጣል። ጠይቀው እንጂ ምን ትጠብቃለህ? ሳይሞት ጠይቀው!»

አፋቸው እንዲህ ነው፤ ልባቸው ደግ ነው።

አሁን የምልከው ከአንድ የብር የስም ካርድ መያዣ ማኅደር ያነሳሁትን ምልክት ነው። ለእኔ ሐሰት መስሎኛል። እውነተኛ ምልክት በመዶሻ ሲመታ ብሩን ይገፋዋል፤ ጀርባውን በጣት ሲዳስሱት ትንሽ እብጠት ይኖራል። ይህኛው ጀርባው ልሙጥ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሳየው ደግሞ ዙሪያውን ስስ የብየዳ ክር አለው። ከሌላ ዕቃ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስለኛል። አባባ ምን ይላሉ? እባክሽ የሚሉትን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ስድቡም አይቅርብኝ።

ወንድምሽ ኪን-ፋይ


ጓንግዡ፣ ጁላይ 3 ቀን 1979

ወንድም ዓለሜ፣

ስለዘገየሁ አትቆጣኝ። ዝናቡ ጣሪያችንን አፍስሶት ሳህንና ባልዲ ስደረድር ነው የከረምኩት። የላክኸው ዘይትና ሹራብ ደርሷል። ሹራቡ ለአባባ ልክ ነው።

ስለ ማኅደሩ ልክ ነህ። ድሮም ይደረግ ነበር፤ የተሰበረ ማንኪያ ላይ ያለውን የታወቀ ሰው ምልክት ቆርጠው በማይታወቅ ሰው ሥራ ላይ የሚበይዱ ነበሩ። አባባ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «የልጁ ዓይን ተከፍቷል። ጎበዝ ወጥቶታል» አሉ። ይህን ጻፊለት ብለውኛል።

በወረቀቱ ጀርባ የጨመርከው ጥያቄ፣ የቀርከሃ ቅጠል የሚቀርጹትን እንዴት እለያለሁ የሚል ነው። እኛ ሰፈር ሁሉም ቀርከሃ ይቀርጽ ነበር። ቅጠሎቹን ሁሉ ሙሉ አድርጎ የሚሠራ ሰው ካየህ ከከተማ ያልወጣ ሰው ነው። የአባባ ቅጠሎች መካከል አንዷ ሁልጊዜ ትል የበላት ናት። ልጅ ሆኜ «ለምን ያበላሿታል?» ስላቸው «የቀርከሃ ደን ገብተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው መልሰውልኝ ነበር።

በደንብ ብላ። በላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ጉንጭህ ጎድሏል።

እህትህ


ሆንግ ኮንግ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1979

ውድ እትዬ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አባባ «ጎበዝ» ያሉበትን፣ «እጁ ከእኔ እጅ ነው የወጣው» ያሉበትን፣ «እሱ ቢኖር ጣሪያው አያፈስም ነበር» ያሉበትን ደጋግሜ አንብቤ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። አሁንም ስለ አራት ዕቃዎች እጠይቃለሁ፤ ወረቀቶቹ ከዚህ ጋር አሉ። ካልደከማቸው ሁሉንም ይዩልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። በ1962 በረሃብ ዘመን ሳልሰናበት ወንዙን ዋኝቼ ወደዚህ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፣ በ66 ጁን ውስጥ፣ ለአባባ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ያኔ ገና ሥራ መጀመሬ ነበር። የሰፈራችንን አንጥረኞች ምልክት በሙሉ፣ የፈረንጅ ፊደሉን ከነሠሪው፣ በወረቀት ላይ ሥለው እንዲልኩልኝ ለምኜ ነበር። መልስ አላገኘሁም፤ ያ ሁሉ ዝምታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው ደርሷችሁ ነበር? ተናደውብኝ ይሆን ሳይመልሱ የቀሩት?

ኪን-ፋይ


ጓንግዡ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1979

ወንድም ዓለሜ፣

የለም፣ ያ ደብዳቤ አልደረሰንም። ያኔ ብዙ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። እሱን ከልብህ አውጣው።

በኋለኛው ደብዳቤህ ለአዲስ ዓመት ልምጣ ያልከውን አስቤበት ነበር፤ ዘንድሮ ይቅር። ጣሪያው ገና ነው። አባባም ለብርዱ ብለው ፎሻን የአክስታችን ልጅ ዘንድ ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ አላውቅም። የአራቱን ዕቃዎች መልስ ሳይሄዱ ነግረውኛል፤ በጀርባው ጽፌዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ ስላጠረ ይቅርታ። ፋብሪካው የስንብት ግብዣ አዘጋጅቶልኝ ስዋከብ ነው የዋልኩት።

እህትህ


ሆንግ ኮንግ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1980

ውድ እትዬ፣

እንዳትደነግጪ። ደስ የሚል ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት የብር ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። የአያቷ ነው። ዙሪያውን የቀርከሃ ደን ነው፤ ነፋስ ያጎነበሰው። ገና ሳልገለብጠው ትል የበላትን ቅጠል ፈለግሁ፤ ከጀርባ በኩል አገኘኋት። ከዚያ ገለበጥኩት። የአንድ ሻጭ የፈረንጅ ፊደሎች፣ ዘጠና የሚል የብሩ ጥራት ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ «ሎክ»፤ ደስታ የምትለው ፊደል። የአባባ ስም።

እትዬ፣ እኔ እኮ በአባባ እጅ የተሠራ የብር ዕቃ አይቼ አላውቅም። እኔ ነፍስ ሳውቅ አባባ የሚሠሩት የሠራተኞች ማኅበሩን የቆርቆሮ ቁልፍ ነበር። ደስታ የሚል ስም ይዘው አንድ ቀን ሲስቁ ያላየኋቸው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ነበር። ጋሽ ፑን አጠገቤ መጥተው፣ «ምነው ዓይንህ ቀላ?» አሉኝ። «የብር መወልወያው ነው» አልኳቸው። «ዛሬ ማን ወለወለና!» ብለው ትተውኝ ሄዱ።

ሴትዮዋ ሳህኑን ለሁለት ወር አውሳኛለች። የመግቢያ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለመቃብር ጠረጋው በዓል፣ ኤፕሪል 3 ቀን፣ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ሳህኑን አባባ እጅ ላይ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ። እሳቸውን ከፎሻን አስመጪልኝ።

ኪን-ፋይ


ጓንግዡ፣ ማርች 5 ቀን 1980

ኪን-ፋይ፣

ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታውን ዝለልልኝ።

አባባ የሉም። ከሞቱ አሥራ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ሆናቸው። ፎሻን ማንም የለም።

በ66 የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶን ነበር። አባባ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ቀጭን ብሩሽ ገዝተው መጡ። ያን ወር ሙሉ ከሥራ ሲመለሱ መስኮቱ ሥር እየተቀመጡ የምልክቶቹን ዝርዝር ሠሩልህ። አርባ ሦስት ምልክት። የፈረንጁን ፊደል ከነጉድለቱ፣ የእኛን ፊደል ከነስብራቱ፣ ከጎኑ የሠሪውን ስም፣ የቤቱን በር፣ ምን ምን መቅረጽ እንደሚችል። ሲጠራጠሩ እኔን ይጠሩኝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ ስወለውል ነው ያደግሁት። ለሰው ብለው እንዲያ ሲለፉ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ስለ አንተ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ብቻ አንዴ፣ «እዚያ አገር ዓሣው ትኩስ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሳይላክ ጊዜው ተበላሸ። ቀይ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ወጣቶች ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። አባባ ደብዳቤህንም ዝርዝሩንም አቃጥይ አሉኝ። ደብዳቤህን አቃጠልኩ። ዝርዝሩ ግን አሳዘነኝ። ትራሴ ውስጥ ሰፋሁት። ስማኝ፣ ይህን ነው ለአንተ መንገር ያቃተኝ። አቃጥይ ብለውኝ ያላቃጠልኩት እኔ ነኝ።

በሴፕቴምበር መጡ። ትራሱን በጩቤ ቀደዱት። ከምድጃው ሥር ደግሞ የብረት ማህተሞቻቸውን አገኙ። ግቢው መሐል አቁመዋቸው፣

«ይህ የውጭ ፊደል የምን ምስጢራዊ መልእክት ነው?» አሏቸው።

«የሱቅ ስም ነው።»

«ሱቁ የት አለ?»

«ተዘግቷል።»

«የተዘጋ ሱቅ ስም ለማን ነው የምትጽፈው? ለየትኛው ሰላይ?»

«ለራሴ ነው። አርጅቻለሁ፤ እንዳልረሳ ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አባባ አዩኝ። ምን እንድል እንደፈለጉ ገባኝ። «አላውቅም» አልኩ። ያንተን ስም ማንም አላነሳም። ሲወስዷቸው በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ሱት-ፎንግ፣ ሩዙ እያረረ ነው፤ አውርጂው» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሞተዋል ብለው ነገሩኝ። አስከሬን አልሰጡኝም። መቃብር የላቸውም።

የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲመጣ እውነቱን ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄህ ግን «አባባ ደህና ናቸው?» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ምልክት። እንደ ድሮው፣ ስለ ምልክት! እጄ በራሱ «ደህና ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ስለ ዕቃዎቹ የመለስኩልህ ሁሉ እውነት ነው፤ ከእሳቸው የተማርኩት ነው። ሐሰቱ ያናገርኩት አፍ ነው።

አሁንም ከመጣህ ኤፕሪል 3 ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ባትመጣም አልፈርድብህም።

ሱት-ፎንግ


ሆንግ ኮንግ፣ ሜይ 28 ቀን 1980

እትዬ፣

ያን ቀን ጣቢያ ቆመሽ መዋልሽን በኤፕሪል ከላክሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች አነበብኩ። ለሁለቱም ስላልመለስኩ ማሪኝ። ትኬቴን ይዤ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ዘይትና ብስኩት ተሸክሞ ይጋፋል፣ ይሳደባል፣ ይሳሳቃል። የተሳፋሪው በር ሲከፈት እግሬ እምቢ አለኝ። ባቡሩ እኔን ጥሎ ሄደ።

እኔም የደበቅሁሽ ነገር አለ። አባባ መሞታቸውን አውቄ ነበር።

ማንም አልነገረኝም። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «የቀርከሃ ራስ» ሲሉኝ ለእኔ በሕይወት ነበሩ። በሁለተኛው «ጎበዝ ወጥቶታል» አሉ ስትይኝ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አባባ በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም፤ አሥር ጊዜ ቢወለዱም አይሉም። ይህን የሚለኝ የእትዬ አንጀት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ።

ታዲያ ለምን መጠየቅ አላቆምክም ትይኝ ይሆናል። ደግመው እንዲሉኝ ነው። ይኸው ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ምልክት እየፈለግሁ ላክሁልሽ፤ ጋሽ ፑን ሳይቀሩ «የምታውቀውን ምልክት ለምን ትጠይቃለህ?» ብለውኛል። ሳህኑን አባባ እጅ ላይ ላስቀምጥ ስልሽም፣ ና ብትይኝ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው። ሰው እንዲህም ይሞኛል።

ያላወቅሁት ዝርዝሩን ነው። አርባ ሦስቱን። ተቀይመውኝ ዝም አሉ ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ስከራከራቸው፣ ለካ ብሩሽ ገዝተው ነበር።

ደብዳቤሽን ለጋሽ ፑን አነበብኩላቸው። እኔ ዝርዝሩን የጠየቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ያላቃጠልኩት እኔ ነኝ ትላለች ስላቸው ጮኹብኝ፦ «እናንተ ደግሞ ጥፋት ላይም ትሻማላችሁ? የወሰዷቸው ሰዎች ምን ሊቀራቸው ነው?» ከዚያ ሱቁን በቀን ዘጉና እስኪመሽ ድረስ አጠገቤ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ሳህኗን ልትወስድ ስትመጣ «ሎክ ማነው?» አለችኝ። የብር ምልክቶችን በሚዘረዝሩት መጻሕፍት ውስጥ ከፊደሏ አጠገብ «ያልታወቀ» ነው የሚለው። እኔ ሙሉ ስማቸውን በወረቀት ጻፍኩላት፣ ኳን ፑይ-ሎክ፣ የጓንግዡ ሰው። የሞቱበትን ቀን ስትጠይቀኝ ግን አላወቅሁትም። ጻፊልኝ።

ለጨረቃው በዓል እመጣለሁ። አሁን እግሬ እሺ ይለኛል።

ወንድምሽ


ጓንግዡ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1980

ወንድም ዓለሜ፣

በሰላም ገባህ? ቤቱ ከሄድክ ወዲህ ሰፍቶብኛል። የፊተኛው ክፍል ሴትዮ፣ «ወንድምሽ ነው ወይስ አባትሽ? ፀጉሩ ካንቺ ብሷል!» ብላ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ፤ ማን ነው እንዲህ ያሸበተህ ብዬ ሳልጠይቅህ ሄድክ።

ሳንነጋገር የቀረነው ብዙ ነው። አራት ቀን ስንበላ፣ ሳህን ስናጥብ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ ስናወራ አለቀ። እናታችን መቃብር ላይ ሁለተኛውን ጽዋ ስታስቀምጥ «ለማን ነው?» አላልኩህም፤ አንተም አልነገርከኝም። ቀኑን ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ የማውቀው የነገሩኝን ቀን ነው፣ ሴፕቴምበር 26። የሞቱበትን ግን አላውቅም። የነገሩኝን ጻፍ፤ ሌላ የለንም።

እኔ እየነገርኩህ አንተ ስትጽፍ ከአርባ ሦስቱ ምልክቶች ሠላሳ አንዱን አስታወስን። ከሄድክ ጀምሮ ሌት ተቀን የቀሩትን ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። የአንዱ በር አረንጓዴ ነበር፤ ሰውየው ትንባሆ ያኝካል፤ ምልክቱ ግን አይመጣልኝም። አሥራ ሁለቱ ከአባባ ጋር ሄደዋል። በመጽሐፋችሁ «ያልታወቀ» በላቸው፤ ግን ኖረው ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከመስኮቱ አንገትህን አውጥተህ ጮኸህ የሆነ ነገር ነገርከኝ። ፊሽካው ዋጠው፤ አልሰማሁህም። የሰማሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁልህ። ደግሜ አልዋሽህም ስላልኩ ይኸው እነግርሃለሁ፣ አልሰማሁም። በደብዳቤ ግን እንዳትጽፈው። በአዲስ ዓመት መጥተህ ንገረኝ።

እህትህ ሱት-ፎንግ